ግድግዳን በብርሃን ስለ መሣል

በጨለማ ቤት ውስጥ በቀዳዳ የገባች አንዲት የፀሐይ ጨረር ግድግዳውን ስታበራው አይቶ የማይደነቅ ሕፃን የለም። አባትና እናትም በማታ ጊዜ እጃቸውን በመብራት ፊት አድርገው የጥንቸልና የወፍ ጥላ እያሳዩ ልጆቻቸውን ያስቃሉ። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው ነገር ከዚሁ ጨዋታ ጋር ዘመድ ነው፤ ይኸውም በትምህርት ቤትና በሰፈር ማኅበር በሚደረግ ቴአትር፥ እንጨት በመጥረብና ሸራ በመወጠር ፈንታ፥ ቤቱን፥ ተራራውንና ሰማዩን በብርሃን ሥሎ ማሳየት ነው።

ጥበቡ የትናንት አይደለም። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1659 ዓ.ም. በመስተዋት ላይ የተሣለውን ሥዕል በመብራትና በማጉያ መስተዋት ኀይል ወደ ግድግዳ ለሚያወጣ ፋኖስ የሚሆኑ ሥዕሎችን ነድፎ ነበር። ሰዎችም የአስማት ፋኖስ ብለው ጠሩት፤ ነገር ግን የብርሃን ሕግ እንጂ አስማት የለበትም። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጀርመናዊው አዶልፍ ሊነባኽ ማጉያ መስተዋት የሌለውን ፋኖስ ለቴአትር አዋለ፤ ይህም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በብሩክሴል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አልፍሬድ ራዶክና ዮሴፍ ስቮቦዳ የተባሉ የቼኮስሎቫኪያ ሰዎች ተጫዋቾችን ከሲኒማ ሥዕል ጋር አስተባብረው ባሳዩ ጊዜ፥ ብርሃን የቴአትር ሠራተኛ መሆኑን ብዙ ሰው ተረዳው።

ይህን ሁሉ የምንተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በሰፈራችን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ለማስተማር ገንዘብ ይሰበሰብ ዘንድ ወጣቶች አንድ ቴአትር አሰናዱ። ሽማግሌዎችም፦ «የተዋጣውን ለእንጨትና ለሸራ ካወጣነው ለልጆቹ ምን ይተርፋል?» ብለው ጠየቁ። ስለዚህ ወጣቶቹ ፕሮጀክተር ተውሰው አንድ ነጭ አንሶላ ወጠሩና የገጠር ጎጆ ሥዕል አበሩበት።

በመጀመሪያው ማታ እኛም ከተመልካቾች መካከል ነበርን። ጎጆው እጅግ ያማረ ነበረ። ነገር ግን እናቲቱን ሆነው የሚጫወቱት ወይዘሮ ወደ አንሶላው ቀርበው ስለ ጠፋው ልጃቸው ማልቀስ በጀመሩ ጊዜ፥ የጎጆው በር በግንባራቸው ላይ፥ አጥሩም በጉንጫቸው ላይ ተሣለ። ጥላቸውም ከኋላቸው ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ሕዝቡ ሊያለቅስ በሚገባው ሰዓት ሳቀ። ወይዘሮዋም አፍረው፦ «ነገ አልመለስም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወጣቶቹ መሣሪያውን እየወቀሱ ሳሉ አንዲት አሮጊት ቀረብ ብለው፦ «ልጆቼ፥ ቤቱን አየነው፤ እናቲቱን ግን አላየናትም» አሏቸው። ይህች አንዲት ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ጠቀመቻቸው። በማግሥቱ ፕሮጀክተሩን ከፍ አድርገው ሰቀሉት፤ ተጫዋቾቹንም ከአንሶላው አራት ክንድ ያህል አራቁ፤ የሥዕሉን ብርሃን ቀንሰው በመድረኩ ጎንና ጎን ሁለት ትንንሽ መብራቶች አቆሙ። ወይዘሮዋንም ለምነው መለሷቸው። በዚያ ማታ የእናቲቱ ፊት ጥርት ብሎ ታየ፤ ጎጆውም ከሩቅ እንደሚታሰብ አገር ሆኖ ከኋላዋ ቆመ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ከእንጨትና ከሸራ የተረፈውም ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ሆነ።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፥ በየቤታችሁና በየማኅበራችሁ ይህን ለመሞከር ብትወዱ ልብ የምትሉትን ነገር በአጭሩ እንነግራችኋለን።

ፕሮጀክተር ያላገኘ ሰው የሊነባኽን ፋኖስ መሥራት ይችላል። ውስጡ በጥቁር ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሣጥን ይዘጋጃል፤ በውስጡ ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ የሚወጣ ብርቱ አምፑል ይገባል፤ በፊቱም ብርሃን በሚያሳልፍ ቀለም የተሣለ መስተዋት ይቆማል። ብርሃን የማያሳልፍ ቀለም ግን ሁሉ በመጋረጃው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መስተዋቱ ከአምፑሉ 1 ክንድ፥ መጋረጃው ደግሞ ከአምፑሉ 5 ክንድ ቢርቅ፥ ሥዕሉ 5 እጥፍ ይሰፋል። ጠርዙ ደብዘዝ ማለቱ ስለማይቀር ለደመና፥ ለተራራና ለጫካ እንጂ ለጽሕፈት አይመችም። አምፑሉ የሚግል ስለ ሆነ ሣጥኑ የአየር መውጫ ይኑረው፤ ሕፃናትም አይንኩት።

መብራቱ ከመጋረጃው በእጥፍ ሲርቅ ሥዕሉ በስፋትም በቁመትም እጥፍ ይሆናል፤ ድምቀቱ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ትልቅ ሥዕል የሚሻ ሰው አዳራሹን አጥብቆ ያጨልም። መብራቱ ከላይ ወይም ከጎን ዘንበል ብሎ ቢያበራ ሥዕሉ ይጣመማል፤ ይህንም አስቀድሞ ሥዕሉን በተቃራኒው አጣሞ በመሣል ያቀኑታል። ከመጋረጃው በስተኋላ ስፍራ የተገኘ እንደ ሆነ ከዚያ ማብራት ከሁሉ ይሻላል፤ ጥላ በተጫዋቾቹ ምክንያት አይወድቅምና። ነገር ግን ቀኙ ግራ ስለሚሆን መስተዋቱን መገልበጥ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ድንገት ቢጠፋም ጨዋታው እንዳይቋረጥ፥ ተጫዋቾቹ ያለ ሥዕል መጫወትን አስቀድመው ይለማመዱ።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ለቴአትርም እንዲሁ ነው፤ ከመሣሪያው ማማር የተጫዋቹ ቃልና ፊት ይቀድማል። ብርሃን መልካም አገልጋይ ነው፤ የአገልጋይም ወጉ እንግዳውን በክብር አስገብቶ ራሱ ወደ ኋላ መቆም ነው። ወጣቶቻችን ይህን ካስተዋሉ፥ በአንድ ነጭ አንሶላና በአንድ መብራት ባሕሩንም ተራራውንም ወደ ሰፈር አዳራሽ ያመጡታል፤ እናቲቱም ስታለቅስ እንባዋ ይታያል።