የከነዓናዊቷ ሴት ልመና

ትሕትና ሲባል ለብዙ ሰው የሚመስለው አንገትን ደፍቶ ዝም ማለት ነው። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 15 ታሪኳ የተጻፈላት ከነዓናዊት ሴት ትሑት ሆና ሳለ ዝም ያላለች ናት።

ነገሩ የሆነው ዛሬ ሊባኖስ በሚባለው አገር፥ በጢሮስና በሲዶና አውራጃ ነው። ሴቲቱ ከእስራኤል ወገን አልነበረችም። ልጅዋ በክፉ መንፈስ ተይዛ ትሠቃይ ስለ ነበር፥ ወደ ጌታችን እየጮኸች ማረኝ አለችው። ልብ እናድርግ፤ የታመመችው ልጅቱ ስትሆን እናቲቱ የለመነችው ስለ ራስዋ እንደሚለምን ሰው ነው።

እርሱ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰላትም። ደቀ መዛሙርቱም ጩኸትዋ ሰልችቷቸው እንዲያሰናብታት ለመኑት። ቀጥሎም የተላከው ለእስራኤል ቤት መሆኑን ተናገረ። ይህን ሁሉ ሰምታ ቀረበችና ሰገደችለት። በመጨረሻ የመጣው መልስ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ይኸውም ለልጆች የተዘጋጀ እንጀራ ለውሻ እንደማይገባ ነው።

በአገራችን ሰውን ውሻ ማለት ምን ያህል የከፋ ስድብ እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ከእኛ ከተማሪዎች አንዱ እንዲህ ቢባል ወይ ይጣላል፥ ወይ እያለቀሰ ይሄዳል። (በግሪክኛው የተጻፈው ቃል ትንሽ ውሻ ማለት ስለ ሆነ ነገሩ ይለዝባል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ቡችላም ቢሆን ያው ውሻ ነው።) ሴቲቱ ከሁለቱ አንዱንም አላደረገችም። ስሙን ተቀበለችው፤ ተቀብላም መከራከሪያ አደረገችው። ከማዕድ በታች የሚወድቀውን ፍርፋሪ ውሻ ቢበላው የሚከለክለው የለምና፥ እርስዋም ያንኑ ለመነች። ከመሶብ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ከክብርዋ ይልቅ የልጅዋ ነገር በልጦባታልና። ጌታም እምነትዋ ታላቅ መሆኑን መሰከረላት።

በቤተ ክርስቲያናችን እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 41 ጊዜ ሲባል፥ አንድ ጊዜ ለምን አይበቃም የሚል ወጣት አይጠፋም። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው የሚለምነውን ነገር ከልቡ መፈለጉ የሚታወቀው መልስ ከዘገየ በኋላ ነው። ፈተና ሲቃረብ አንድ ሳምንት ጸልዮ፥ ውጤቱ ሲነገር ጸሎቱን የሚተው ተማሪ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ደግሞም ሴቲቱ ስትለምን ልጅዋ ከአጠገብዋ አልነበረችም። ወደ ቤትዋ የተመለሰችው አንዳች ምልክት ሳታይ፥ የተነገራትን ቃል ብቻ ይዛ ነው። ማርቆስ በምዕራፍ 7 እንደ ጻፈው፥ ከቤት በደረሰች ጊዜ ክፉው መንፈስ ለቅቋት ልጅቱን በአልጋ ላይ ተኝታ አገኘቻት።