መዶሻ፣ የቀን ቁጠራና ፊርማ፦ ሎኮሞቲቭ እንዴት ይፈተሻል?

በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎችን የሚጎትተው ባለሞተር የባቡር ክፍል፣ በየዕለቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መፈተሽ እንዳለበት የአገሪቱ የፌዴራል ምድር ባቡር አስተዳደር ደንብ ያዛል። ፈታሹ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሎኮሞቲቩን ቁጥርና ያገኘውን ጉድለት መዝግቦ ይፈርማል፤ ጉድለቱን የጠገነውም ሰው በተራው ፊርማውን ያኖራል፤ መዝገቡም ለ92 ቀናት ሳይጠፋ ይቀመጣል። ይህ ፊርማ ላይ ላዩን ሲታይ የቢሮ ልማድ ቢመስልም የፍተሻው አከርካሪ እርሱ ነው፤ ሎኮሞቲቭ ከነጂ ወደ ነጂ፣ ከአንዱ የጥገና ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚኖር በመሆኑ ማን እንዳየውና ማን እንዳስተካከለው በጽሑፍ ካልተያዘ፣ እያንዳንዱ ሰው ሌላው አይቶታል ብሎ ያልፈዋል።

ሥራው የሚጀምረው ፈታሹን ራሱን ከአደጋ በመጠበቅ ነው። ሠራተኛ በሎኮሞቲቩ ሥር ወይም በተሽከርካሪዎች መካከል በሚገባበት ጊዜ ሰማያዊ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ እስካለ ድረስ ሎኮሞቲቩን ማንቀሳቀስ የተከለከለ ሲሆን፣ ምልክቱን ማንሳት የሚችለውም ያደረገው የሙያ ቡድን ብቻ ነው፤ አለቃም ቢሆን ባቡሩ ዘገየ ብሎ አያነሳውም።

ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ብዙ የሚናገረው መንኮራኩሩ ነው። የባቡር መንኮራኩር በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ይህ ጠርዝ በመሆኑ፣ ከሐዲዱ ጎን ጋር ሲፋተግ ኖሮ ውፍረቱ ወደ 7/8 ኢንች፣ ማለትም ወደ 22 ሚሊሜትር ገደማ ከወረደ መንኮራኩሩ ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል። ሌላው ጉድለት ፍሬኑ መንኮራኩሩን ቆልፎ ሲይዘው የሚፈጠር ነው፦ መንኮራኩሩ መሽከርከሩን ትቶ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሐዲዱን የነካው ቦታም ተሞርዶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በዞረ ቁጥር ሐዲዱን ይደበድባል። የዚህ ጠፍጣፋ ቦታ ርዝመት 2.5 ኢንች፣ ወይም 63 ሚሊሜትር ያህል ከደረሰ መንኮራኩሩ አያገለግልም። ፍሬኑ መያዙና መልቀቁ፣ መንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት በሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚረጨው መሣሪያ መሥራቱ፣ መብራቱና ጥሩምባውም ይታያሉ። ስለ ጥሩምባው የተደነገገው ሁለት ጎን አለው፦ በ100 ጫማ ርቀት ሲለካ ድምፁ ከ96 ዴሲቤል እንዳያንስ መንገድ አቋራጮችን፣ ከ110 እንዳይበልጥ ደግሞ በሐዲዱ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችን በማሰብ ተወስኗል።

እነዚህ ጥብቅ ድንጋጌዎች ከበጎ ፈቃድ የመጡ አይደሉም። የእንፋሎት ባቡር በነገሠበት ዘመን ውኃው የሚፈላበት ቦይለር እየፈነዳ ሠራተኞችን ይገድል ስለነበር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 የሎኮሞቲቭ ቦይለር ፍተሻ ሕግን አወጣ፤ አገሪቱም በ50 የፍተሻ ወረዳዎች ተከፋፍላ ለእያንዳንዱ ወረዳ የመንግሥት ፈታሽ ተመደበ። ሕጉ በ1915 ቦይለሩን አልፎ መላውን ሎኮሞቲቭ እንዲያካትት ተደረገ።

የቦይለሩ ፍተሻ በራሱ ጥበብ ነበር፤ ዛሬም በሚሠሩት ጥቂት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ላይ አልቀረም። እሳቱ የሚነድበት የውስጥ ሣጥን ከውጪው ግድግዳ ጋር የሚያያዘው በመቶዎች በሚቆጠሩ የብረት ዘንጎች ሲሆን፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን የውኃና የእንፋሎት ግፊት ተቋቁመው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ፈታሹ እያንዳንዱን ዘንግ በመዶሻ ይመታል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰበረው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ጆሮ ሊሳሳት ስለሚችል በአጫጭሮቹ ዘንጎች ጫፍ ላይ ጠባብ ቀዳዳ እንዲበሳ ተደነገገ፤ ዘንጉ ከውስጥ ሲሰበር በቀዳዳው በኩል እንፋሎት ወይም ውኃ ወጥቶ ራሱን ያጋልጣል። ይህን ቀዳዳ መድፈን በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ለነገሩ እንዲህ ያለ ክልከላ በደንብ መጻፍ ያስፈለገው፣ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ደፍኖ ሎኮሞቲቩን ወደ ሥራ መመለስ የሚያጓጓ አቋራጭ ስለሆነ መሆን አለበት።

ከዕለቱ ፍተሻ በላይ በቀን የተቆጠረ ሌላ እርከን አለ። አንድ ሎኮሞቲቭ በየ92 ቀኑ፣ ከዚያም በየ368 ቀኑ የበለጠ ጥልቅ ምርመራ ይደረግለታል፤ የተደረገለት መሆኑም በነጂው ክፍል ውስጥ በሚቀመጠውና በሙያው ሰዎች ዘንድ ሰማያዊ ካርድ በሚባለው ቅጽ ላይ ከነፊርማው ይሰፍራል። 368 የ92 አራት እጥፍ መሆኑ ሂሳቡን ቀላል አድርጎታል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ቢበዛ በየ1472 የአገልግሎት ቀናቱ ወይም በየ15 ዓመቱ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ቦይለሩ ተከፍቶ በሰፊው ይመረመራል፤ የአገልግሎት ቀን የሚባለውም በምድጃው እሳት ነዶ፣ በቦይለሩ የእንፋሎት ግፊት የነበረበት ቀን ነው።

ይሁን እንጂ የቀን ቁጠራ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1995 በፔንሲልቬንያ፣ ከጌቲስበርግ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ፣ ቱሪስቶችን በሚያጓጉዝ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቦይለር ውስጥ ውኃው ከእሳት ሣጥኑ ጣሪያ በታች ወረደ፤ በውኃ ሲቀዘቅዝ የነበረው ብረት ግሎ ለሰለሰና ተቀደደ፤ 3 ሠራተኞችም የቃጠሎ ጉዳት ደረሰባቸው። የመጓጓዣ ደኅንነት መርማሪዎች ሲያጣሩ የውኃውን ከፍታ የሚያሳየው መስታወት በደለል በመዘጋቱ እውነተኛውን ከፍታ እንዳላሳየ ደረሱበት። መሣሪያው በቦታው ነበር፤ የሚያሳየው ግን ሐሰት ነበር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ደንብ ከዚህ በኋላ እንደገና ተጽፎ ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

መሣሪያን ምን ያህል ማመን ይቻላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በኮምፒውተር መልክ ተመልሷል። ከ2012 ወዲህ ራሳቸውን በኤሌክትሮኒክስ የሚከታተሉ ሎኮሞቲቮች የ92 ቀኑ ምርመራ ወደ 184 ቀን እንዲራዘምላቸው ተፈቅዷል፤ ሆኖም ደንብ አውጪው ነገሩን ለኤሌክትሮኒክስ መከታተያው ብቻ አልተወውም፤ በየ33 ቀኑ ቢያንስ አንዱን የዕለት ፍተሻ ብቃቱ የተረጋገጠ መካኒክ እንዲያካሂደው አዟል።