በጌም ውስጥ የተደበቀው ወርቅ

ዓርብ ትምህርት ስለሌለ እኛ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። መብራት ካልጠፋብን «አንቻርትድ» የተባለውን ጌም በየተራ እንጫወታለን። ወላጆቻችን ከሩቅ የሚሰሙት ተኩስና ሩጫ ብቻ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተኩሱን ትተን ግድግዳና መደርደሪያ ስንመረምር እንገኛለን። ምክንያቱን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ እንወዳለን።

ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው ሁሉ ጌምም አለው። ሰሙ ለሁሉም የሚታየው ታሪክ ነው። ወርቁ ደግሞ ሠሪዎቹ ለአስተዋይ ተጫዋች የደበቁት ነገር ነው። ፈረንጆች «የፋሲካ እንቁላል» ይሉታል፤ በፋሲካ ልጆቻቸው የተደበቀ እንቁላል ስለሚፈልጉ ነው። በእኛ አገር ቢሆን «ኩኩሉ» ይባል ነበር።

ስያሜው የመጣው ከአታሪ ኩባንያ ነው። ዋረን ሮቢኔት የተባለ አሜሪካዊ «አድቬንቸር» የሚባለውን ጌም ለኩባንያው ሠራ። በዚያ ዘመን ኩባንያው የሠሪዎችን ስም በጌሙ ላይ አይጽፍም ነበር። ሮቢኔትም ለማንም ሳይናገር ምስጢራዊ ክፍል ሠርቶ ስሙን በውስጡ አኖረ። ወደዚያ የምታስገባው ከጀርባዋ ቀለም ጋር የተመሳሰለች አንዲት ትንሽ ነጥብ ነበረች። ጌሙ በ1980 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከዋለ በኋላ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ክፍሉን አግኝቶ ለኩባንያው ጻፈ። ሮቢኔት ግን ያን ጊዜ ሥራውን ለቆ ሄዷል። የደከመበት ሰው ስሙ እንዳይጠፋ ያደረገው ነገር ነው ዛሬ ጨዋታ የሆነው።

የ«አንቻርትድ» ሠሪ ኖቲ ዶግም እንዲሁ ይደብቃል። በ2011 በወጣው ሦስተኛው ክፍል፣ ለንደን በሚገኝ መጠጥ ቤት ውስጥ ስለ ገዳይ ፈንገስ የሚያወራ ጋዜጣ አለ። ብዙዎች ሳያስተውሉት አልፈዋል። በ2013 ኩባንያው በፈንገስ ወረርሽኝ ላይ የተመሠረተውን «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ሲያወጣ የጋዜጣው ወርቅ ተፈታ።

በ2016 በወጣው አራተኛው ክፍል ደግሞ ባለታሪኩ ቤቱ ተቀምጦ፣ ኩባንያው በ1996 የሠራውን «ክራሽ ባንዲኩት» ይጫወታል። ውርርዱም ከሚስቱ ጋር ሳህን በማጠብ ነው። የጓደኛችን እናት ቡና ይዘው ሲገቡ ይህን አይተው፣ «ጌም ውስጥ ደግሞ ጌም? ለመሆኑ ሳህኑን ማን አጠበ?» ብለው ቁጭ አሉ። ውጤቱን ሳያዩ አልተነሡም።

ታዲያ እንዴት ይፈለጋል? አንደኛ፣ ታሪኩ ወደፊት ሲጠራችሁ አትቸኩሉ፤ ዞር ብላችሁ የኋላውን እዩ። ሁለተኛ፣ የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ፤ እንግሊዝኛም ትማሩበታላችሁ። ሦስተኛ፣ የሠሪዎቹን የቀድሞ ሥራ እወቁ፤ ያላወቁትን ነገር ቢያዩትም አይለዩትም።

ውድ ወላጆች፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን የዕድሜ ቁጥር መመልከት አይዘንጋ። በአውሮፓ መመዘኛ «አንቻርትድ 4» ከ16፣ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ነው። ለታናናሾቻችን አይሆኑም። ከዚያ በኋላ ግን «አጥፋው!» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጠገባችን ተቀምጣችሁ፣ «ምን አገኛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁን። የምናሳያችሁ አናጣም።