ቢስማርክን ያስቆመች ባለሸራ አውሮፕላን

ስዎርድፊሽን በፎቶግራፍ ያየ ሰው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ናት ቢሉት አያምንም። ክንፏ ድርብ፣ አካሏ ሸራ የለበሰ፣ መቀመጫዋ ጣሪያ የሌለው ነው። ከ700 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ቶርፔዶ ሆዷ ሥር አንጠልጥላ ስትበር ፍጥነቷ የዘመኑን ተዋጊ አውሮፕላን ግማሽ አይሞላም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን ወደዳት፤ ማዕበል ከሚያናውጠው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተነሥታ ትመለሳለችና። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1941 ከምጽዋ የወጡ ሁለት የጣሊያን የጦር መርከቦችን ፖርት ሱዳን አጠገብ ያሰጠሙት የእሷው እኅቶች ናቸው።

በቀጣዩ ወር የተላከችበት ጠላት ግን ሌላ ነበር። የጀርመኑ የጦር መርከብ ቢስማርክ 8 ባለ 38 ሴንቲ ሜትር መድፎችና ከ2,000 በላይ ሰው ጭኖ አትላንቲክ ገባ፤ ሜይ 24 በግሪንላንድና በአይስላንድ መካከል የእንግሊዝን ኩራት የጦር መርከቡን ሁድን በደቂቃዎች ውስጥ አሰጠመ። ከ1,400 በላይ ከሆኑት የሁድ መርከበኞች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። ቢስማርክም ተመትቶ ነዳጁ ይፈስስ ነበርና ወደ ፈረንሳይ አቀና፤ ከአሳዳጆቹም ከአንድ ቀን በላይ ተሰወረ። ሜይ 26 ጠዋት ካታሊና የተባለች የቅኝት አውሮፕላን ስታገኘው የእንግሊዝ ትልልቅ መርከቦች ርቀው ነበር። በጊዜ ሊደርሱበት የሚችሉት የአውሮፕላን ተሸካሚው የአርክ ሮያል ስዎርድፊሾች ብቻ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ የተነሡት በጉም ውስጥ ያገኙትን መርከብ አጠቁ፤ የራሳቸው ሸፊልድ ኖሯል! ቢስማርክን እንዲከታተል መላኩን አልሰሙም። ደግነቱ ቶርፔዶዎቹ የመርከብን መግነጢሳዊ ኃይል ሲያገኙ እንዲፈነዱ የተሠሩ ነበሩና አንዳንዶቹ ገና ውኃ እንደነኩ ፈነዱ፤ ሸፊልድም ከቀሩት አመለጠ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ጉድለቱን ተናገሩ፤ ለሁለተኛው ዙር ሲመታ ብቻ የሚፈነዳ ማፈንጃ ተገጠመ። ብዙዎች ድሉን የሚሰጡት ለአውሮፕላኗ ቀርፋፋነት ነው፤ የቢስማርክን ተኳሾች አሳሳታቸው ይላሉ። እኔ ግን ያለ ሸፊልዱ ስሕተት የማታው ጥቃት ይሳካ ነበር ብዬ አላምንም።

ማታ 15 አውሮፕላኖች ተነሡ። አንድ ቶርፔዶ የመርከቡን የኋላ ክፍል መታ፤ መሪው እንደተጠመዘዘ ደርቆ ቀረ። ቢስማርክ ወደ ፈረንሳይ መታጠፍ አቃተው፤ ወደ አሳዳጆቹ አቅጣጫ ይንገዳገድ ጀመር። በማግስቱ ጠዋት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ኪንግ ጆርጅ አምስተኛና ሮድኒ በመድፍ ደበደቡት፤ ሰጠመ። ከሞት የተረፉት 115 ያህል ብቻ ናቸው፤ የእንግሊዝ መርከቦች ሰርጓጅ መርከብ ተጠራጥረው ሌሎቹን ከባሕሩ ሳያወጡ ሄዱ።

ከስዎርድፊሾቹ በዚያች ማታ አንዷም በተኩስ አልወደቀችም። እስከ 1945 አገለገሉ፤ ሊተካቸው የተሠራው አልባኮር ቀድሟቸው ከጦር ግንባር ወጥቷል።