አብሲት፣ ማርና ማስቲሽ፦ ነገሮች ስለ ምን ይጣበቃሉ?

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ እንጀራ በሚጋገርበት ማድቤት፣ ማር በሚቸረቸርበት ሱቅና መንገድ ዳር ጫማ በሚጠገንበት ጥግ የሚታየው የመጣበቅ ባሕርይ መልኩ ቢለያይም መሠረቱ ተቀራራቢ ነው። አንድ ነገር በሌላው ላይ የሚጣበቀው ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፤ በመጀመሪያ በገጹ ላይ ተዘርግቶ ዓይን ወደማያያቸው ስርጉዶች ለመግባት የሚያስችል ልስላሴ ሊኖረው ይገባል፣ ቀጥሎም ሲጎተት እንዳይበጠስ የገዛ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ አጥብቀው ሊያያዙ ይገባል። መዘርጋቱ የግድ የሆነው ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል የሚበረታው የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፋይ በሆነው በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ላይ ብቻ በመሆኑ ነው። ስለዚህም ውሃ በሚገባ ቢዘረጋም የውስጥ ትስስሩ ደካማ ስለሆነ ሙጫ አይሆንም፤ ድንጋይም ትስስሩ ቢጠነክርም ስለማይዘረጋ አይጣበቅም።

ማር ሁለቱን ያሟላል። ከክብደቱ አራት አምስተኛ ያህሉ ስኳር ሲሆን፣ የስኳር ሞለኪውሎች በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ጥንዶቻቸው አማካይነት እርስ በርሳቸውም ከጣትና ከእንጨት ጋርም ይያያዛሉ። ለብርዝ ውሃ ሲጨመርበት ግን ውሃው በስኳሮቹ መካከል ገብቶ ስለሚያራርቃቸው ዝልግልግነቱ ይጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው አብሲት ነው። የስንዴ ሊጥ ግሉተን በተባለው የፕሮቲን መረብ ሲያያዝ፣ ጤፍ ይህ መረብ ስለሌለው ማያያዣውን ከስታርች ማግኘት አለበት። ስታርች በረጅሙ የተቀጣጠሉ የስኳር ሰንሰለቶች የታጨቁበት ደቃቅ ቅንጣት ሲሆን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እምብዛም ሳይለወጥ ይቆያል፤ ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን ውሃ መጥጦ ያብጣል፣ ሰንሰለቶቹም ወጥተው ይጠላለፋሉ። አብሲት የምትጥል ሴት ከቦካው ሊጥ ቀንሳ በውሃ እያማሰለች ስታበስልና በረድ ሲል ወደ ሊጡ ስትመልሰው፣ ይህንኑ ለውጥ በሊጡ አንድ ክፍል ላይ ብቻ በመፈጸም ቀሪውን የሚያያይዝና ጋዙን የሚይዝ ማጣበቂያ ታዘጋጃለች። ሊጡ ኩፍ እንዲልና እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ከሚረዱት አንዱ ይህ ነው። ቴርሞሜትር ሳይኖር በእጅና በዓይን የተደረሰበት ይህ ጥበብ በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ቦታ ቢሰጠው ተገቢ ነው።

እንጀራው ግን እርስ በርሱ እንዲያያዝ እንጂ ከምጣዱ ጋር እንዲጣበቅ አይፈለግም። ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሰስ ዘይቱ ወደ ስርጉዶቹ ገብቶ በሙቀት ይጠነክራል፤ ሊጡም የሚይዘው ገጽ ስለሚያጣ በቀላሉ ይነሳል።

ጫማ ጠጋኙ የሚጠቀምበት ማስቲሽ ደግሞ በቶሎ በሚተን ፈሳሽ የሟሟ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ፈሳሹ ጎማውን በሶሉና በቆዳው ላይ ለመዘርጋት ያገለግላል፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግን መውጣት ስላለበት፣ ባለሙያው ሁለቱንም ገጾች ቀብቶ ሲነካቸው እጁ ላይ እስከማይጣበቁ ድረስ ይጠብቅና ከዚያ ያጋጥማቸዋል። ተቻኩሎ ካጋጠማቸው የታፈነው ፈሳሽ ጎማውን እንዳለሰለሰው ስለሚቆይ ሶሉ ይንሸራተታል። የሚተነው ፈሳሽ ለአንጎል ጎጂ ስለሆነም ይህ ሥራ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መከናወን፣ ቆርቆሮውም ከልጆች መራቅ ይኖርበታል።