አምስተኛው ሯጭ

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ውድድር አንድ ቡድን ሰባት ሯጮች ያሰልፋል። ቀድመው የገቡት የአምስቱ ደረጃ ይደመርና ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። አምስቱም ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ተከታትለው ቢገቡ ድምሩ 15 ይሆናል፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት የለም። አንደኛና ሁለተኛ የወጡለት ቡድን የቀሩት ሦስት ልጆች 30ኛ፣ 40ኛና 50ኛ ቢሆኑበት ግን 123 ነጥብ ይይዛል። ከ14ኛ እስከ 18ኛ የገቡ አምስት ልጆች ያሉት ሌላ ቡድን ድምሩ 80 ስለሆነ፣ ከአሥሩ ቀዳሚዎች ውስጥ አንድም ልጅ ሳይኖረው ዋንጫውን ይወስዳል። ይህ ስሌት ለማንም አዲስ አይደለም። ሆኖም የብዙ ቡድኖች የልምምድ ፕሮግራም የሚቀረጸው ለአንደኛው ሯጭ ነው፤ ሌሎቹ በቻሉት መጠን ይከተላሉ። እኔ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። የአሠልጣኝ ዓይንና ጊዜ በቅድሚያ የሚገባው ለአምስተኛው ሯጭ ነው።

ምክንያቱ ከውድድሩ ባሕርይ ይመነጫል። ከፊት ያሉት ተራርቀው ስለሚሮጡ መሪው ሰዓቱን በአሥር ሰከንድ ቢያሻሽል አንድ ደረጃ ያተርፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ምንም አያተርፍም። መሐል ላይ ግን ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ነው የሚጓዙት፤ በትልቅ ውድድር ያው አሥር ሰከንድ አሥርና ከዚያም በላይ ሰው ያሳልፋል። ደግሞም ያቺን አሥር ሰከንድ ማግኘት ለመሐለኛው ይቀልለዋል። መሪው ብዙውን ጊዜ ለዓመታት የሠራና ወደ አቅሙ ጫፍ የተጠጋ ልጅ ሲሆን፣ አምስተኛው ግን ገና ሁለት ወር እንኳ ሳያቋርጥ ሮጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ከዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የበለጠ ምስክር ለእኛ አንባቢ የለም። ኢትዮጵያ ከ1981 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በአዋቂ ወንዶች አምስት ጊዜ በተከታታይ በቡድን አሸንፋለች። ከእነዚህ ዓመታት በግል ያሸነፍነው ግን በሁለቱ ብቻ ነው፤ በ1982 በመሐመድ ከድር፣ በ1983 በበቀለ ደበሌ። በ1981 አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን፣ በ1984ና በ1985 ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔስ አንደኛ ቢወጡም የቡድኑ ድል የኢትዮጵያ ነበር። ቀጥሎ ነገሩ ተገለበጠ። ኬንያ ከ1986 እስከ 2003 ድረስ 18 ዓመት ሙሉ የረጅሙን ርቀት የቡድን ድል ለማንም አልሰጠችም። በ1990ና በ1991 የሞሮኮው ካሊድ ስካህ፣ በ2000ና በ2001 ለቤልጅየም የሚሮጠው መሐመድ ሙሪት፣ በ2002ና በ2003 ደግሞ የእኛው ቀነኒሳ በቀለ ቀድመው ገብተው ሳለ ዋንጫው ወደ ናይሮቢ ሄደ። የ1988ቱ የኦክላንድ ውድድር ይበልጥ ያስተምራል። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሯጮች ስምንቱ ኬንያውያን ነበሩ፤ በመሐላቸው ዘልቆ አምስተኛ የወጣው አበበ መኮንን ብቻ ነው። አበበ በዚያ ቀን ያደረገውን ለማድነቅ ሩጫ ማወቅ አያስፈልግም፤ ለቡድን ነጥብ ግን የአንድ ሰው ጀግንነት አልበቃም።

ታዲያ አምስተኛው እንዴት ይገኛል? የትምህርት ቤቱ ወቅት በነሐሴ ሲጀመር ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለተኛ የተጻፈው ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰፊ ቡድን መያዝና ማንንም ቶሎ አለመጣል ነው። ሁለተኛው ሥራ ልጆቹን እንደ ኮንዲሽናቸው መክፈል ነው፤ የብዙ ቡድን ወቅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉም ባንድ ፔስ ሲወጡ፣ ለመሪው ኢዚ የሆነው ለአምስተኛው ውድድር ይሆንበታል። በሳምንት አራት ቀን እንዲህ የሚሮጥ ልጅ የስፒድ ቀን ሲመጣ እግሩ አልቋል፤ በጥቅምት ደግሞ ሰዓቱ ይቆማል ወይም አጥንቱ ይታመማል። በእንጦጦና በሰንዳፋ ሯጮቻችን ተሰልፈው የመሪውን እግር እየተከተሉ የሚሠሩት ሥራ ድንቅ ነው፤ የሚያዋጣው ግን የተቀራረበ ኮንዲሽን ላላቸው አዋቂዎች ነው። የ14 ዓመት ልጅን ከ18 ዓመት ልጅ ኋላ በዚያው መስመር ማሰለፍ መልኩን መውሰድ እንጂ ምሥጢሩን መውሰድ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የወላጅ ነው። በቨርጂኒያም ሆነ በሚኒሶታ ያሉ ወላጆቻችን ልጃቸው ጎበዝ ከሆነ ስኮላርሺፕ እንዲያገኝ ይመኛሉ፤ «ልጄ ስለ ሌሎች ለምን ይጎተት?» ማለታቸውም ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ሁለት ነው። የኮሌጅ አሠልጣኞች በቅድሚያ የሚመለከቱት በፀደይ በመም ላይ የሚመዘገበውን የ1600ና የ3200 ሜትር ሰዓት ነው፤ በመኸር በጫካና በሣር ላይ በቀስታ የተከማቸ ጽናት ለዚያ ሰዓት መሠረት ይጥላል እንጂ አይነጥቀውም። ሁለተኛ፣ መሪው በከባድ የሥራ ቀን በራሱ ፔስ ይሠራል፤ ከሌሎቹ ጋር የሚሆነው ማሟሟቂያውን፣ ዳገቱንና የኢዚውን ቀን ነው። ይህ ዋጋ አያስከፍልም አልልም። የአሠልጣኝ ዓይን ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ መሪው ብቻውን የሚሠራባቸው ቀናት ይኖራሉ። ዋጋውን የምቀበለው ብቻውን መሥራት የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው፤ አምስተኛው ግን ገና አልተማረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሯጭ ይወለዳል እንጂ አይሠራም» የሚለው ነው። ተሰጥኦ የለም የሚል አሠልጣኝ ራሱን ያታልላል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በቆጂ ማደግም ከባሕር ጠረፍ ከማደግ ጋር እኩል አይደለም። ነገር ግን የኒውዚላንዱ አርተር ሊዲያርድ በኦክላንድ ከተማ ከሰበሰባቸው ልጆች ፒተር ስኔልና መሪ ሃልበርግ በ1960 የሮም ኦሎምፒክ በ800ና በ5000 ሜትር ወርቅ አገኙ፤ ባሪ ማጊ ደግሞ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈው ማራቶን ሦስተኛ ወጣ። ሦስቱም ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ አሠልጣኝ እጅ ነው የወጡት። በትምህርት ቤት ደረጃ ደግሞ በኢሊኖይ ኤልምኸርስት የሚገኘው የዮርክ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ የነበረው ጆ ኒውተን ምሳሌ ነው። ቡድኑ 28 ጊዜ የግዛቱ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በአንድ ወቅት ከ200 በላይ ወንድ ልጆች ይሮጡለት ነበር። ትልቅ ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ስንት ትልቅ ትምህርት ቤት አለ፣ 200 ልጅ በፈቃዱ በየቀኑ ለሩጫ የሚወጣበት? ያን ያህል ልጅ ካለህ አምስተኛህን አትፈልገውም፤ ራሱ ብቅ ይላል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ እንደ ክርክር ሳይሆን እንደ አደጋ ነው የማየው፤ ወቅቱ አጭር ስለሆነ ስፒድ ማብዛት ይሻላል የሚለውን። ስፒድ በስድስት ሳምንት ሰዓት ያሳምራል፤ ጉልህ ውጤት ስለሚያሳይም ያጓጓል። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት፣ በእድገት ላይ ባለ ልጅ ደግሞ ይብስ። በሴት ልጆች ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። የብረት ማዕድን እጥረት ጎበዟን ልጅ ያለምክንያት የሰነፈች ያስመስላታል፤ የወር አበባ መቋረጥም በብዛት በቂ ምግብ ያለመብላት ምልክት እንጂ የጥሩ ኮንዲሽን ምልክት አይደለም፤ ለአጥንትም ጠንቅ ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ወደ ሐኪም መላክ ከሥልጠና ውጭ የሆነ ደግነት ሳይሆን ራሱ ሥልጠናው ነው። ጤነኛ ሆነው ኅዳር የሚደርሱ ሰባት ልጆች ያሉት ቡድን፣ ሦስቱን በሕክምና ክፍል ትቶ የመጣውን ፈጣን ቡድን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል።

ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ በውጤት ወረቀቱ ላይ ቀድሜ የምፈልገው በአንደኛውና በአምስተኛው መካከል ያለውን የሰከንድ ልዩነት ነው። ይህም ቁጥር ግን ብቻውን ያሳስታል፤ መሪው ስለደከመም ልዩነቱ ሊጠብብ ይችላልና የአምስተኛው ሰዓት ከባለፈው ወር ጋር መነጻጸር አለበት። ቀጥሎ ስድስተኛውን አያለሁ። ነጥብ እኩል ሲሆን አሸናፊውን የሚለየው እሱ ነው፤ በጭቃ ላይ ከአምስቱ አንዱ ተንሸራቶ ቢወድቅም የሚቆጠረው እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከማን ጋር ሆኜ ዳገቱን እንደምቆጥር የሚወስንልኝ ይህ ንባብ ነው።