ክስ ይኑር አይኑር የሚወስነው ፖሊሱ አይደለም

በካርቱም ፖሊስ ጣቢያዎች ለሐበሻ ሲያስተረጉም የኖረ ሰው የሚያውቀውን፣ ጮክ ብሎ ግን የማያወራውን ልንገራችሁ። ሰው ሲያዝ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ያዘው ፖሊስ ነው። ይለምነዋል፣ ሽማግሌ ይልክበታል፣ ገንዘብ ያዋጣል። ፖሊሱ ግን «በላግ» የሚባለውን አቤቱታ ይመዘግባል፣ ቃል ይቀበላል እንጂ የመጨረሻው ቃል የእሱ አይደለም። ፋይሉ «ኒያባ» ወደሚባለው ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ነገሩ ክስ ይሁን ወይስ ይዘጋ የሚባለው እዚያ ነው።

በእስር ሆኖ መጠበቁም በሕግ ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ በራሱ ሥልጣን ለምርመራ የሚያቆየውን ሰው በ24 ሰዓት ይገድባል። ዐቃቤ ሕጉ እስከ 3 ቀን ሊጨምር ይችላል። ከዚያ ወዲያ ዳኛ በየሳምንቱ እየፈቀደ እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። ክስ ከቀረበ ደግሞ ከፍ ያለ ዳኛ በየ2 ሳምንቱ እያደሰ እስከ 6 ወር ሊያደርሰው ይችላል። በር ላይ የቆመው ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ «ነገ ይፈታል» በሚል ቃል ብቻ ቀን ይገፋል። ቀናት ካለፉ ማን እንደፈቀደ መጠየቅ ይገባል፤ የዐቃቤ ሕጉ ጊዜ አልቆ የፈቀደ ዳኛ ከሌለ እስሩ ራሱ ሕገ ወጥ ነው።

አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገረው ይመጣል፤ ሁለተኛው ፋይል። ሐበሻ የተሰረቀም ሆነ የተደበደበ ወደ ጣቢያ ለመሄድ የሚፈራው ስለዚህ ነው። አቤቱታውን ገና ሳይጨርስ «ኢቃማህ የታለ?» ይባላል። የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለው፣ ወይም ስደተኛ ሆኖ ያለ ፈቃድ ከካምፕ ወጥቶ ከሆነ፣ በራሱ ላይ ፋይል ሊከፈት ይችላል። ከሳሽ ሆኖ የገባ ተከሳሽ ሆኖ ያድራል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በኦምዱርማን ተፈጽሞ በ2014 መጀመሪያ ፍርድ ቤት የደረሰውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። አንዲት ነፍሰ ጡር ኢትዮጵያዊት ቤት ልትከራይ ስትፈልግ ተታልላ በቡድን ተደፈረች። ደፋሪዎቹ ቀርጸዋት ነበርና ቪዲዮው ከወራት በኋላ ሲሰራጭ እሷም ታሰረች። የመደፈር አቤቱታ ልታቀርብ ስትል በራስሽ ላይ ምርመራ አለ ተብላ ተከለከለች። መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤቱ «የብልግና ድርጊት» ብሎ አንድ ወር በገደብ እስራትና 5,000 የሱዳን ፓውንድ ቅጣት ፈረደባት። ወንዶቹ በዝሙትና በብልግና ተቀጡ እንጂ በአስገድዶ መድፈር የተፈረደበት የለም። ያኔ የነበረው የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን «ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ዝሙት» እያለ ይገልጽ ስለነበር፣ ተደፈርኩ ያለች ሴት ማስረጃ ካጣች ዝሙት እንዳመነች ልትቆጠር ትችል ነበር። ትርጉሙ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

«ከሻ» የሚባለው አፈሳ ደግሞ መጠበቅ እንኳን አይሰጥም ነበር። የካርቱም ግዛት የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ በነበረበት ዘመን ሻይ የምትሸጥ እህታችን ጠዋት በመኪና ተጭና፣ ጠበቃም ሳታይ በዚያው ቀን ተቀጥታ ትወጣ ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ተሽሯል። የፓስፖርትና የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን አልተሻረም፤ ሁለተኛው ፋይል ብዙ ጊዜ የሚከፈተውም በእሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚበላው «ሰምሳር» የሚባለው ደላላ ነው። «ሹሙን አውቀዋለሁ፣ ክሱን አዘጋዋለሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ማስረጃ አጥቶ የሚዘጋውን ፋይል ሰምሳሩ ዘጋሁት ብሎ ያስከፍላል። የማይዘጋውንም አይዘጋውም፤ ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል።

የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ከተነሳ ወዲህ በካርቱም የባዕድ ሰው ኑሮ ይበልጥ ከብዷል። ገዳሪፍም ሆነ ፖርት ሱዳን ያላችሁ ወገኖቼ ግን ይህን ያዙልኝ። የበላጉን ቁጥርና የአንቀጹን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ። በዐረብኛ የተጻፈና ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ዋስትና፣ ማለትም «ዳማን»፣ ይፈቀድ እንደሆነ ኒያባውን ጠይቁ፤ ኢቃማው የጸና ዋስም አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የታሰረው ስደተኛ ከሆነ እሱ ሳይፈቅድ ለአገሩ ኤምባሲ አትንገሩ፤ የሚነገረው ለስደተኞች ኮሚሽንና ለዩኤንኤችሲአር ነው። የተደፈረች እህት ካለች ደግሞ ጣቢያ ብቻዋን አትሂድ፤ ጠበቃ ይቅደም። ያቺ የኦምዱርማን ልጅ ገና ከመጀመሪያው ጠበቃና አጠገቧ የሚቆም ሰው ቢኖራት ኖሮ ብቻዋን አትጋፈጠውም ነበር። ሌላዋን ብቻዋን አትተዉ።